«ሦስት ልብ አለው» ወይስ «ሦስት ልቦች አሉት»?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ ስለ ስኩዊድ (ባሕር ውስጥ ስለሚኖረው ለስላሳ አካል ያለው እንስሳ) አካል አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ‹ስኩዊድ ሦስት ልብ አለው› ብዬ ጻፍኩ። የአማርኛ መምህሩ ባልደረባዬ ‹ከአንድ በላይ ከሆነ የግድ ልቦች ነው፤ አለው ሳይሆን አሉት› ብለው አረሙት። ‹ቀለም ይተፋል› የሚለውን ግን ዝም ብለው አለፉት። እኔን ደግሞ የከነከነኝ እሱ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ መምህርት፣ መጀመሪያ የጻፉት ትክክል ነው። ባልደረባዎ የተኩትም ስህተት የለበትም። የማልስማማው «የግድ» በሚለው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ አማርኛ ውስጥ የለም።

ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ፒያሳ ታክሲ ሲጠብቁ ረዳቱን ያዳምጡት። «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ነው የሚጣራው። «ሁለት ሰዎች» ሲል ሰምተው አያውቁም። ካፌ ቁጭ ብለውም «ሦስት ማኪያቶ» ነው የሚያዙት። ይህ የመንገድ አማርኛ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በአማርኛ ቁጥሩ ብዛቱን ከተናገረ ስሙ ያንኑ መድገም አይጠበቅበትም። ቢደግመውም ነውር የለበትም። ዋናው ነገር ስሙና ግሱ መስማማታቸው ነው። «ሦስት ልብ አለው» ልክ ነው። «ሦስት ልቦች አሉት» ልክ ነው። በቀይ መሰመር ያለበት «ሦስት ልቦች አለው» ነው።

የአካል ክፍሎች ላይ ደግሞ አማርኛ ለነጠላው ያደላል። «እጁን ታጠበ» ስንል አንድ እጁን ብቻ አይደለም። «ዓይኑን አመመው» ሲባል ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። መወሰን ያቃተው ሰው «ሁለት ልብ ሆንኩ» ይላል፤ «ሁለት ልቦች ሆንኩ» የሚል የለም። «ባለ» ከመጣ እንዲያውም ምርጫ የለንም። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ባለ ሦስት ጎማ እንደምንለው ሁሉ ስኩዊድም ባለ ሦስት ልብ እንስሳ ነው።

ታዲያ «ልቦች» መቼ ነው ቦታው? ቆጥረን ከጨረስን በኋላ ወደየልቡ ስንመለስ ነው። እዚህ ላይ የስኩዊዱ አካል ራሱ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል፤ ምክንያቱም ሦስቱ ልቦች ሥራቸው አንድ አይደለም። ሁለቱ ደምን የሚገፉት ወደ ስንጥብ ነው። ስንጥብ ዓሣም ሆነ ስኩዊድ ከውኃ ውስጥ ኦክስጅን የሚያገኝበት ክፍል ነው። ደሙ በስንጥቡ ቀጫጭን ስሮች ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል። ኦክስጅን ይዞ ሲመለስ ሦስተኛው ልብ ይቀበለውና እንደ ገና ገፍቶ ለቀረው አካል ያዳርሰዋል። (ደሙ ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ ነው። በእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ብረት ሲኖረው በስኩዊድ ደም ያንኑ ሥራ የሚሠራው ሄሞሲያኒን ያለው መዳብ ነው።)

አሁን ይህን ሲጽፉ «ሁለቱ ልቦች ደሙን ወደ ስንጥብ ይገፋሉ» ማለት አለብዎት። «ሁለቱ ልብ» ጆሮ ይቆረቁራል። «ሁለት» «ሁለቱ» ከሆነች በኋላ፣ ማለትም የትኞቹ እንደሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ስሙ ብዙ ቁጥር ይፈልጋል። «አምስት ልጅ አለኝ» የሚል አባት ስለ ልጆቹ ማውራት ሲቀጥል «አምስቱ ልጆች» ነው የሚለው። ስለዚህ ባልደረባዎ «ሁለቱ ልብ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ቢያርሙ ኖሮ እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

ለዚህ ቦታ እኔ በጣም የምወደው ሌላ አነጋገርም አለ፦ «ለየስንጥቡ አንድ አንድ ልብ አለው»። አንድም «ኦች» ሳይገባ ሁለት ስንጥብ እንዳለ፣ ሁለት ልብ እንዳለ፣ አንዱ ለአንዱ እንደተመደበ በአምስት ቃል አለቀ። «የ» ገብታ፣ «አንድ» ተደግማ ማከፋፈሉን ጨረሱት። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ «አንድ አንድ» ለያይተው ይጻፉት። ከተጋጠመ «አንዳንድ» ይሆንና አንባቢው «ጥቂት» የሚል ትርጉም ይዞ ይሄዳል።

መደጋገም አማርኛ ብዛትን የሚናገርበት ትልቅ መሣሪያው ነው። ጽሑፍዎን ስመለከት «ስምንት ክንድና ሁለት ረጅም መያዣዎች አሉት» የሚል አገኘሁ። ክንድና መያዣን መለየትዎ ጥሩ ነው። ስምንቱ አጠር ያሉ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ድንገት ተወርውረው ያደነውን የሚይዙ ናቸው። «ረጅም» ግን «ረጃጅም» ቢሆን ይሻላል፤ እያንዳንዳቸው ረጅም መሆናቸውን ያሳያል። «ትልቅ የነርቭ ክሮች» ያሉትንም «ትላልቅ» ያድርጉት። እነዚህ ክሮች እኮ ውፍረታቸው እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያለ ማጉያ መሣሪያ በዓይን ይታያሉ። ሳይንቲስቶቹ ሆጅኪንና ሀክስሊ የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚጓዝ ያጠኑት በእነሱ ላይ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በዚሁ ሥራ ነው። ሁሉም ክሮች ግን እኩል አይወፍሩም። አካሉን የሸፈነው ጡንቻ ራቅ ወዳለው ጫፍ የሚሄደው ይወፍራል፤ በወፈረ ክር መልእክቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ቅርቡም ሩቁም ጡንቻ በአንድ ጊዜ ይኮማተራል። በአካሉ ውስጥ የያዘው ውኃ ከራሱ ሥር ባለው ቱቦ ተገፍቶ ሲወጣ እንስሳው በተቃራኒው ይስፈነጠራል።

ግስም ይደጋገማል። «አድኖ ይውጣል» ብለዋል። እዚህ ላይ ቋንቋውም አካሉም «ይቆራርጣል» የሚለውን ይፈልጋሉ። ስኩዊድ አፉ ውስጥ የበቀቀን የመሰለ ጠንካራ መንቁር አለው። ምግብ ወደ ሆድ የሚወርድበት ቧንቧ ደግሞ የሚያልፈው በአንጎሉ መካከል ነው። አንጎሉ ቀለበት ሆኖ ቧንቧውን ከቦታል። ትልቅ ነገር ቢውጥ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ በትንንሹ ነው የሚያወርደው። «ቆረጠ» አንድ ጊዜ ነው፤ «ቆራረጠ» ደጋግሞ፣ አድቅቆ ነው። «እየቆራረጠ ይበላል» ቢሉ አንዲት «ራ» ብዙ ማብራሪያ ታስቀርልዎታለች።

ቆዳው ላይ ስላለው «ነጠብጣብ» የጻፉትን አይንኩት። ቃሉ ራሱ ሲፈጠር ተደጋግሞ ስለተፈጠረ «ነጠብጣቦች» ባይሉም ብዛቱ ይሰማል። ቀለም የያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች ዙሪያቸውን ጡንቻ አላቸው። ጡንቻው ሲስባቸው ከረጢቱ ይለጠጥና ነጠብጣቡ ይታያል፤ ሲለቃቸው ይጨማደድና ይጠፋል። የሚያዘውም ነርቭ ስለሆነ ሁሉም በቅጽበት ነው።

ወደከነከነዎት ልመለስ። መከንከኑ ተገቢ ነው። «ተፋ» የአፍ ግስ ነው። ሰው ምራቁን ይተፋል፣ እባብ መርዙን ይተፋል። ስኩዊድ ግን ቀለሙ ከአፉ አይወጣም። የቀለሙ ከረጢት የሚከፈተው በአንጀቱ መጨረሻ አጠገብ ነው። ከዚያ ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ቱቦ ከውኃ ጋር ተገፍቶ ይወጣል። «ይተፋል» የሚል ተማሪ አፉን ነው የሚያስበው፤ ለፈተናም ቢቀርብለት በተሳሳተ ቦታ ላይ ቀስት ያሠምራል። ለሥነ ጽሑፍ ቢሆን አልከራከርዎትም፤ እሳተ ገሞራም እሳት ይተፋል እንላለን። ለሳይንስ ግን አይሆንም።

አንዳንድ ሰው «ቀለም ይለቃል» ይላል። እሱንም ይተዉት። ሰሚው የሚያስበው ሲታጠብ የሚደበዝዝ ልብስ ነው። «ይረጫል» ይበሉ፤ ከየት እንደወጣ ሳይዋሽ ግፊቱንም ያሳያል። ለሚኒ ሚዲያው እንዲህ ቢነበብ ይበቃል፦ «ስኩዊድ አደጋ ሲያይ ጥቁር ቀለም ይረጭና ይሸሻል።»