«ባለቤቴ ኮቴ ኪስ ውስጥ ገንዘብ ታስቀምጣለች»

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ለ17 ዓመታት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገልሁበት የግል ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የለኝም። ባለቤቴ ባንክ ትሠራለች፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእርሷ ደመወዝ ነው። ሥራ መፍታቴን የ14 እና የ9 ዓመት ልጆቼም ጎረቤቶቼም አያውቁም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለባብሼ እወጣና የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ፣ ካፌ ቁጭ ብዬ ሰዓት ስገፋ እውላለሁ። ባለቤቴ ምንም አትለኝም፤ ብቻ ሰኞ ሰኞ ኮቴ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ገንዘብ አገኛለሁ። ለእኔ ይህ ንቀት ነው። በቅርቡ በትንሽ ነገር ጮኽሁባት፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የለንም። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ አንዳንድ ማታም ጠጥቼ እገባለሁ። ሥራ እስካገኝ ሐዋሳ ወንድሜ ዘንድ ብሄድ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት ስለ ገንዘቡ የጻፉትን ነው። ባለቤትዎ ገንዘቡን በልጆቹ ፊት አልሰጡዎትም፤ «ይኸው» ብለው ጠረጴዛ ላይ አልጣሉትም፤ አጥፈው፣ ኮሽታ ሳያሰሙ፣ እርስዎ ብቻ በሚያገኙት ቦታ አስቀመጡት። ይህ ንቀት ሊሆን ይችላል፤ የባልን ክብር መሸፈንም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እርስዎም አልጠየቋቸውም። በውጥረት ጥናት ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳብራሩት፣ ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም ጭምር ነው፤ ሰው በአንድ በኩል «ይህ ነገር ምን ያሳጣኛል?» ብሎ ይመዝናል፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ምን ማድረግ እችላለሁ?» ብሎ አቅሙን ይመዝናል። እርስዎ ለመጀመሪያው ጥያቄ «ወንድነቴን» የሚል መልስ ሰጥተው ስለዘጉት ወደ ሁለተኛው አልደረሱም።

ይህን ስል የደረሰብዎትን ማቃለሌ አይደለም። ሥራ ማጣት ደመወዝ ከማጣት የሰፋ ጉዳት ነው። በኦስትሪያ፣ ማሪየንታል በምትባል መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዘግቶ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሥራ በፈታ ጊዜ፣ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የሰዉን ኑሮ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1933 አሳትመዋል። ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ሰዎች በመንደሩ ጎዳና ላይ እንዴት እንደሚራመዱ ነበር፤ ሰዓት ይዘው ለኩት። ወንዶቹ በዝግታ ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ደጋግመው ይቆማሉ፤ ሴቶቹ ግን ፈጠን ብለው ያልፋሉ። ፋብሪካው የተዘጋው በሁለቱም ላይ ቢሆንም፣ ሴቶቹ የሚበስል ምግብ፣ የሚታጠብ ልብስና የሚጠብቃቸው ልጅ ስለነበራቸው ቀናቸው መልክ አላጣም። ያሆዳ ኋላ እንዳስረዱት፣ ሥራ ከደመወዙ ሌላ የሰውን ቀን ይከፋፍልለታል፣ ከቤተሰቡ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኘዋል፣ በሰው ዘንድም ስፍራ ይሰጠዋል። እርስዎ በየጠዋቱ ለባብሰው የሚወጡት ይህን የጠፋውን የቀን መልክ ፍለጋ ይመስለኛል፤ በዚያ አልፈርድብዎትም። ሆኖም አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አዲስ የወጣውን አንብቦ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ የቀረው ሰዓት ለአንድ ማኪያቶና ለብዙ ሐሳብ ይተርፋል።

ምስጢሩን መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይነበብ የታዘዙ ሰዎች ከውጭ ሲታዩ የረጉ ቢመስሉም፣ በሰውነታቸው ውስጥ የውጥረቱ ምልክት ጨምሮ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቻቸው የማይተዋወቁ ሴቶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው የሚረብሽ ፊልም ካሳዩ በኋላ አነጋገሯቸው፤ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ በታዘዘችበት ጥንድ ውስጥ፣ ስለ ትእዛዙ ምንም የማታውቀው የሌላዋ የደም ግፊት ጭምር ከፍ አለ። ሙከራው በሴቶች ላይ የተደረገ መሆኑን ያስተውሉልኝ። «ወንድ ልጅ ሆዱን አያሳይም» ተብለው ስላደጉ መደበቅ የወንድ ተፈጥሮ ይመስልዎት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚደብቅ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ራሱንም አጠገቡ ያለውንም ያደክማል። በእርስዎ ቤት ደግሞ የሚደብቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤትዎም የቤት ወጪ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የእርስዎ ኩርፊያ በአንድ ላይ ወድቆባቸው «ችዬ ልለፈው» ያሉ ይመስለኛል።

ስለዚህ አስቀድመው ስለ ገንዘቡ ይጠይቋቸው። ልጆች የተኙበት፣ እርስዎም መጠጥ ያልቀመሱበት ማታ ይሁን። በይቅርታ ይጀምሩ፤ ስለ ጮኹበት ቀን ሳይናገሩ ስለ ክብርዎ ቢያነሡ ሰሚ አያገኙም። ከዚያም «ገንዘቡን ኪሴ ውስጥ ሳገኘው ያመኛል፤ አንቺ ምን አስበሽ እንደምታስቀምጪው ግን ጠይቄሽ አላውቅም» ይበሉና ዝም ይበሉ። ሊያለቅሱ፣ ወይም ለወራት ያመቁትን ሊያወጡት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ። መግባባት ሲጀመር፣ የሒሳብ ሰው ነዎትና የቤቱን ገቢና ወጪ መዝገብ እርስዎ እንዲይዙት ሐሳብ ያቅርቡ። ገንዘቡ በኪስ መመላለሱ ቀርቶ ሁለታችሁም የምታዩት ሒሳብ ይሆናል።

የልጆቹን ነገር አልደብቅዎትም፤ የ14 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ሳይጠረጥር ኖሯል ብዬ አላምንም። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ በአጭሩ ንገሯቸው። ያን ጊዜ ለማስመሰል ከቤት መውጣት አያስፈልግዎትም። ሥራ ለመፈለግ ጠዋት የተወሰነ ሰዓት ይመድቡ፤ ከዚያ በኋላ ካለው የቤት ሥራ የተወሰነውን ጠቅልለው ይውሰዱ፤ ለምሳሌ ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣቱ፣ አስቤዛውና የማታው ወጥ የእርስዎ ይሁኑ። «ላግዝሽ» ሳይሆን «ይህ የእኔ ነው» ማለት አለብዎት፤ የሚታገዝ ሰው ሐሳቡን አይጥልምና። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» እየተባለ ባደግንበት አገር ይህ ቀላል አይደለም፤ ምናልባት «ሰው ምን ይላል» ብለው የሚከለክልዎት ባለቤትዎ ራሳቸው ይሆናሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሳንድራ ቤም እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረቡት መጠይቅ «የወንድ» እና «የሴት» የሚባሉትን ጠባዮች ለየብቻ ለክተው፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ወጥ የሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ሒሳብ ሠራተኛነቱ አይቀርም።

ለሥራ ፍለጋውም የሚጠቅም አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ነው፤ ሥራ ካጡ 63 ባለሙያዎች መካከል ከፊሎቹ ሥራ በማጣታቸው የተሰማቸውን እንዲጽፉ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሌላ ጉዳይ ከጻፉትና ምንም ካልጻፉት ቀድመው ሥራ አገኙ። ከሌሎቹ የበለጠ ማመልከቻ በማስገባታቸው አልነበረም። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ምሬታቸውን ወረቀት ላይ ስላወጡት ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ይዘውት አልገቡም። ለጥቂት ቀናት፣ ሰው በማያየው ደብተር ላይ፣ በየቀኑ ለ20 ደቂቃ ያህል ይሞክሩት።

መጠጡ እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፤ ለጊዜው ይተዉት። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ በተለይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለው በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ሆስፒታል ይሂዱ። የአማኑኤልን ስም ለቀልድ የሚጠሩ ሰዎች እዚያ ተራ ይዞ የሚጠብቀውን ሰው አላዩትም፤ እንደ እርስዎ ኮት የለበሰ ብዙ ነው።

ሐዋሳን በተመለከተ፣ ወንድምዎ ዘንድ የተቆረጠ ሥራ ካለ ከባለቤትዎ ጋር ተማክራችሁ የምትወስኑት ይሆናል። ሥራ ከሌለ ግን አሁን አይሂዱ። ባለቤትዎ በአንድ ደመወዝ ቤቱንም ልጆቹንም ብቻቸውን ይይዛሉ፤ እርስዎም ገንዘቡ ለምን ኪስዎ ውስጥ እንደተቀመጠ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ጠይቀው ያገኙትን መልስ ቢጽፉልኝ፣ ቀጥሎ ስለሚደረገው ያኔ እንነጋገራለን።