ከአጥሩ በፊት ጥንቡ ይነሣ

ጠያቂዋ እህታችን፣ ወደ አዲሱ ሠፈር ከገቡ ወዲህ ጅብ በቆርቆሮ አጥርዎ ሥር እየማሰ ግቢ እንደሚገባ፣ ውሻዎን እንደበላብዎ፣ ልጆችዎም ጨለማው ሳይገፈፍ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚወጡ እንቅልፍ እንዳጡ ጽፈዋል። ከእኔ ቀድመው መልስ ከሰጡት አንዱ መርዝ፣ ሌላው ጥይት፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሐረር ሰዎች እያበሉ ማላመድን መክረዋል። እኔ በየካ ተራራ ግርጌ፣ ጅብ በየሌሊቱ በሚመላለስበት ሠፈር የምኖር፣ የነዋሪዎች ኮሚቴያችንም ጸሐፊ የነበርኩ ሰው ነኝና ሦስቱንም ምክሮች እንዳይሰሙ እለምንዎታለሁ። ሠፈርዎ በወንዝ ገደል አጠገብ መሆኑን አልገለጹም፤ መሆኑን ግን አልጠራጠርም። በዚያ ገደል አፍ ላይም ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው የጥንብ መጣያ መኖሩን እንደዚሁ አልጠራጠርም።

1ኛ. አጥሩን በተመለከተ፣ ቆርቆሮ ብቻውን አያስጥልም። የታችኛው ጠርዙ መሬት ስለሚነካ በክረምቱ ዝጎ ይበሳሳል፤ እንስሳውም ያንን ገፍቶና ከሥሩ ምሶ ይገባል። አቅም ከፈቀደ በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ መሠረት ያሠሩ። ካልፈቀደ ግን ወፍራም የሽቦ መረብ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ መሬት ቀብረው፣ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፈው ድንጋይ ይጫኑበት። ብዙ ሰው አጥሩን ሲያጠብቅ የበሩን ሥርና የጎርፍ መውጫውን ቀዳዳ ይረሳል፤ በእኛ ሠፈር ጅቡ ከአጥር ይልቅ በእነዚህ ሁለቱ ነበር የሚገባው። ቀዳዳው ላይ ፌሮ ያስበይዱ።

2ኛ. ሌላ ውሻ ካመጡ ሌሊት በሰንሰለት አይሰሩት፤ የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም። የሚዘጋ ጠንካራ ማደሪያ ይሥሩለት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በየዓመቱ ያስከትቡት። ጅብ የነከሰው ውሻ ቁስሉ ደርቋል ተብሎ ከልጆች ጋር ሲጫወት አይቼ ባለቤቱን ብመክረው፣ ውሻውን እንደሰደብኩበት ቆጥሮ እስከ ዛሬ ሰላምታ ነፍጎኛል።

3ኛ. ዋናው ጉዳይ ጥንቡ ነው። ጅብ ወደ መንደር የሚወርደው የሚበላ ስለሚያገኝ ነው፤ የሚበላውንም የምንጥልለት እኛው ነን። በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ፀጉር የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቆምና ከየቤቱ የሚጣለው ተረፈ እርድ ሲጠፋ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ እንደሚያዞሩ፣ የአህያ ድርሻም ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳይተዋል። ስለዚህ ውሻዎ የተበላበትን ወቅት መለስ ብለው ያስቡ። በእኛ ሠፈር ውሻ የሚበላው ከበዓል እርድ በኋላ አጥንቱ ተለቅሞ ሲያልቅና በጾም ወራት ነበር፤ የእርስዎም ከዚህ እንደማይለይ እገምታለሁ።

እንስሳውን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው። በመቀሌ የተደረገ ሌላ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል ጥንብ እንደሚያስወግዱ፣ በዚህም ሰውንና ከብትን ከአባ ሰንጋና ከሳንባ ነቀርሳ እንደሚታደጉ ገምቷል። በእኛ ገደል አፍ ላይ አሸዋና ብሎኬት ሲያመላልሱ ወገባቸው የተቆረጠ አህዮች ሲሞቱ ይጣላሉ፤ ለቅርጫ የታረደ በሬ ፈርስና ሆድ ዕቃ ይደፋል፤ ሌሊት ሌሊት ከቄራ ውጭ የሚያርድ አንድ ሰውም ሰኮናና ቀንዱን ይወረውር ነበር። ይህን ሁሉ ማዕድ ዘርግቶ ጅብ ለምን መጣ ብሎ መጠየቅ ለእኔ ትርጉም አልሰጠኝም።

ጥንቡን ለማስነሣት ያየሁትን ፍዳ ግን ልንገርዎ። ጽዳትን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስሄድ፣ እነርሱ የሚያነሡት የቤት ውስጥ ደረቅ ቆሻሻ መሆኑን፣ የሞተ አህያ ግን እንስሳ ስለሆነ የእንስሳት ክፍል እንደሚመለከተው ነገሩኝ። የእንስሳት ክፍሉ ደግሞ ሥራው በሕይወት ካሉት ጋር መሆኑን በትሕትና አስረድቶ፣ አቤቱታዬ ስለ ጅብ ከሆነ የዱር እንስሳት ሰዎችን እንድጠይቅ መከረኝ። በመካከሉ ወደ ሌላ አንድ ቢሮ ተመርቼ ነበር፤ ያንን ቢሮ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወጣቱ ኃላፊ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ነገሬን ከሰማ በኋላ፣ “አባባ፣ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጅቡን ፎቶ አንሥተው ያምጡ” አለኝ። ጅቡ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሆኑን ስነግረው፣ “እንግዲያው በፍላሽ ያንሡት” ብሎ አጠገቡ ከተቀመጠችው ባልደረባው ጋር ተሳሳቁ። የልጆች ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ስጨምርበት የምሳ ሰዓት እንደ ደረሰ አስታወቀኝ፤ ሰዓቱ ገና አምስት ተኩል ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ የጽሑፍን ጉልበት አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ በቃል ብቻ አቤት ሲሉ ኖረዋል፤ በቃል የቀረበ አቤቱታ ደግሞ ተናጋሪው ከበሩ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ የነዋሪዎችን ፊርማ የያዘ ማመልከቻ አዘጋጀሁ። ጉዳዩ በሚለው ቦታ ላይ ጅብን ጨርሶ አላነሣሁም፤ “በወንዝ ዳር ተጥሎ የጤና ጠንቅ የሆነ የእንስሳት ጥንብ እንዲነሣልን ስለመጠየቅ” ብዬ ጻፍኩ እንጂ። ጅብን ያነሣ ደብዳቤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ለመመራት ምክንያት ይሆናል፤ በወረዳው ክልል ውስጥ ያለ የጤና ጠንቅ ግን ከወረዳው ወዲያ ወዴትም አይመራም። የጅቡን ነገር በመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ጥንቡ ካስከተላቸው ጉዳቶች እንደ አንዱ አድርጌ አስገባሁት። ፎቶግራፉንም በቀን ብርሃን፣ ከጥንቡ አንሥቼ አባሪ አደረግሁ።

ዋናውን መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እንዲደረግልኝ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ፣ “እሱ አያስፈልግም፤ እንደርስበታለን” ብትለኝም ከወንበሩ አልተነሣሁም፤ እርስዎም አይነሡ። ግልባጩን ለወረዳው አስተዳደር፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለክፍለ ከተማው አድርጌ እያንዳንዱን በእጄ አደረስኩ፤ በእያንዳንዱም ላይ ቁጥር አስጻፍኩ። ደብዳቤው ብቻውን ሄዶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ይገኝ ነበር። አንዱ ቢሮ ሌላው እንዳወቀ ሲያውቅ ግን ነገሩ ተንቀሳቀሰና ሎደርና ገልባጭ መኪና መጥተው ገደሉን አጸዱት። ከዚያም አንድም ቀን ያላየናቸው ኃላፊዎች ካሜራ አስከትለው በጸዳው ቦታ ላይ ቆመው ስለ አካባቢ ንጽሕና ንግግር አደረጉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በንግግሩ የተመሰገኑት የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ነበሩ። እኒህ ሰው በማመልከቻው ላይ ለመፈረም እንኳ “ነገር ይመጣብናል” እያሉ ሲያንገራግሩ የከረሙ ናቸው።

ማመልከቻው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ትዕግሥቱ ያለቀ አንድ ጎረቤታችን ሥጋ መርዞ በገደሉ አፍ ላይ ጣለ። ሲነጋ ሞተው የተገኙት የሠፈሩ ውሾችና ጥንብ አንሣዎች ነበሩ፤ ከውሾቹም አንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት እናት ብቸኛ ጠባቂ ነበር። ጅቡ በማግሥቱ ሌሊት እንደ ልማዱ መጣ። ውሾቹ ስላለቁም መምጣቱን የሚናገር አልነበረም፤ ስለዚህ ሠፈሩ ከበፊቱ ይልቅ ተጋለጠ። መርዝን የመከሩዎት ሰው ይህን ያስቡበት። ጥይት ያሉትም ቢሆኑ፣ በጨለማ የተተኮሰ ጥይት ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ማንን እንደሚያገኝ አያውቁም። በዚያ ላይ ሕጉ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል፤ ጥንብ ለማንሣት መኪና ያጣ መሥሪያ ቤት እርስዎን ለመክሰስ ጊዜ አያጣም።

ገደሉ ከጸዳ በኋላ እንደገና እንዳይቆሽሽ ማድረጉ ከማስነሣቱ ይበልጥ አድክሞናል። መፍትሔው የተገኘው በእድራችን ነው። ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች ፈርሱንና ሆድ ዕቃውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ኖራ ነስንሰው እንዲቀብሩ፣ አህያ የሞተበትም ሰው ለእድሩ ዳኛ እንዲያሳውቅና በእድሩ ገንዘብ እንዲቀበርለት፣ ገደል ውስጥ የጣለ ግን እንዲቀጣ ወሰንን። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ በሚመጡበት ዕለትም ማዳበሪያው ጠዋት እንጂ ዋዜማውን ማታ ከበር እንዳይወጣ ተስማማን። በስብሰባው ላይ የጮኸብን ያ ሌሊት የሚያርደው ሰው ነበር፤ ደንብ አስከባሪዎች ከመጡበት በኋላ ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ወስዷል። ጅቡ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከተራራው ወርዶ ሲያልፍ ድምፁን እንሰማለን። አጥር መማሱን ግን ትቷል፤ እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነበር።

ስለ ሐረር የጻፉት ወንድማችን በቅንነት እንደመከሩ አምናለሁ፤ ነገር ግን ነገሩ ለየቅል ነው። የጀጎል ግንብ ለጅብ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሕዝቡም ከእንስሳው ጋር መኖርን በብዙ ትውልድ የተማረ ነው፤ የሚያበሉትም ሰዎች እንስሶቹን አንድ በአንድ ለይተው በስም የሚጠሩ ናቸው። እርስዎ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ልጆች ይዘው ይህን ቢጀምሩ፣ የሚያስተምሩት ትምህርት ከሰው በር ላይ ሥጋ እንደሚገኝ ብቻ ነው። ሥጋው ባልተሰጠበት ሌሊት ምን እንደሚፈልግ እርስዎም እኔም አናውቅም።

የልጆችዎ ነገር ጥንቡ እስኪነሣ ድረስ የሚጠብቅ አይደለም። እኛ ወላጆች በተራ እየወጣን የሠፈሩን ልጆች በአንድነት እስከ አስፋልቱ እናደርስ ነበር፤ የፊተኛውና የኋለኛው አዋቂ ባትሪ ይይዛል፤ ትንንሾቹ መካከል ይሆናሉ። ልጆቹ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ጅብ ሲያዩ አለመሮጥን ነው። የሚሮጥ ነገር እንስሳውን እንዲያሳድድ ይጋብዘዋል፤ ሩጫም ከእርሱ አያስመልጥም። ተጠጋግተው፣ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው፣ እየጮኹ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሽሹ። ትምህርት ቤቱንም የመግቢያ ሰዓቱን እንዲያሻሽል ይጠይቁ፤ የእኛው ባይሰማንም የእርስዎ ሊሰማ ይችላል።

አያድርገውና ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር፣ በዚያው ቅጽበት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠቡት፤ ከዚያም ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። የተጀመረውንም ክትባት ቁስሉ ዳነ ብለው በመካከል አያቋርጡ። ቁስሉን አይቶ “ትንሽ ናት” ብሎ የሚያሰናብትዎ ባለሙያ ቢያጋጥምዎ፣ ሳይከራከሩ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ከእርሱ ጋር የሚከራከሩበት ጊዜ ኋላ ይገኛል።

ማመልከቻውን ለማዘጋጀት ከተቸገሩ የእኛን ቅጂ የነዋሪዎቹን ስምና ፊርማ አውጥቼ እልክልዎታለሁ፤ የሠፈሩንና የወረዳውን ስም ብቻ ቀይረው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ከግርጌው የሰብሳቢው ፊርማ ቢኖርም፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ።