«እራታቸውን አልበላም ብለው ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ6 ዓመት ልጅ አለኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የደረሰውን የመሬት ናዳ ሰሞኑን በስልክ አየ። ሰዎች በአካፋና በእጃቸው ጭቃውን ሲቆፍሩ ያሳያል። «ምን አጥፍተው ነው እግዚአብሔር የቀበራቸው?» አለኝ። ዝም ስለው «እራታቸውን አልበላም ብለው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እንቅልፍ የለውም። ምን ልበለው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ፣ ያቺን የእራት ነገር ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ከየት እንዳመጣት አውቃለሁና። እኛው ነን ያስተማርነው። ልጅ አልበላም ሲል፣ ሲረብሽ፣ «እግዜር ይቆጣሃል» እንላለን። ልጅሽ ቃላችንን አምኖ ነው የጠየቀሽ። መጀመሪያ ይህችን አባባል ከቤትሽ አውጪ።

ከዚያ «ምንም አላጠፉም» በይው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጌታ «ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን?» ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ሲል ራሱ መልሷል (ሉቃ. 13፥4-5)። ቀጥሎ ስለ ንስሐ መናገሩ እውነት ነው። ያ ግን በሕይወት ላለነው የተነገረ እንጂ በሞቱት ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ለእኔና ለአንቺ ይሁን፤ ሕፃን ላይ አትጫኚው።

«ታዲያ ተራራው ለምን ተናደ?» ካለሽ በእጅሽ አሳዪው። ደጅ ላይ አፈር ቆልሉና በጣሳ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። መጀመሪያ ይጠጣል። ሲጠግብ ይከብዳል። ከዚያ ዝርግፍ ይላል። ጎፋም ብዙ ዝናብ ዘንቦ እንዲህ ሆነ በይው። የምትኖሩት ሜዳ ላይ ከሆነ ንገሪውና ይረፍ። ዳገት ሥር ከሆነ ግን «እኛ ጋ አይደርስም» ብለሽ አትዋሺው። ዝናቡ ሲበረታ የት ሄዳችሁ እንደምታድሩ ንገሪው።

«እግዚአብሔር ስለወደዳቸው ወሰዳቸው» የሚለውንም ተዪው። ለቅሶ ቤት የለመድነው ማጽናኛ ነው፣ አውቃለሁ። ሕፃን ግን ይህን ሲሰማ መወደድን ይፈራል።

ከባዱ ሌላ ነው። ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን ደረሰባቸው። ልጅሽ ይህን ከሰማ «ሊረዱ ሄደው ለምን?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ለዚህ መልስ የለኝም። ለልጅ «አላውቅም» ማለት እምነት ማጉደል አይደለም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። ጌታችን ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አልቅሷል። እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ይህን ንገሪው። ልጅሽ ጎፋን ሲያስብ የተቆጣ አምላክ ሳይሆን የሚያለቅስ ጌታ ይታየው።

ምስሉን ደግሞ ከስልኩ አጥፊው። ትንንሽ ልጆች በተደጋገመ ቁጥር ተራራው እንደ አዲስ የተናደ ይመስላቸዋል።

ማታ ዝናቡ ሲጀምር አጠገቡ ጋደም በይ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 3 ጊዜ በሉ። «የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ የቀሩትን ያጽና» ብሎ በራሱ አፍ ይጨምርበት። እሁድ ብር ስጪውና ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ራሱ ይክተት። ጸሎታችሁ አልቆ ዝናቡ ካላባራ እጁን ይዘሽ ቆይ።

እራቱን አልበላም ካለ ደግሞ «ይርብሃል» በይው። በቃ።