ሊቀ ጳጳሱ፣ ልጅ ንጉሡና ሁለቱ ጀልባዎች

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ዐቃቤ ሰዓት ስለሚባለው አበምኔቱ ሥልጣን ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ በጀርመን አገር አንድ ሊቀ ጳጳስ ንጉሡን በጀልባ አፍኖ ወስዶ ነበር መባሉ እውነት እንደሆነና አንድ የሃይማኖት አባት ይህን ያህል ጉልበት ከየት እንዳገኘ ጠየቀኝ። ተረት መስሎኝ አለፍኩት፤ ልጁ ግን እስካሁን አልተወኝም። እባካችሁ አብራሩልን።
መምህር፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ልክ ነው። ሰውየው የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ዳግማዊ አኖ ነው፤ ነገሩ የተፈጸመው በ1062 ነው (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 3ኛ በ1056 ሲሞት ዘውዱን የወረሰው ልጁ ሄንሪ 4ኛ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበርና እናቱ አግነስ በሞግዚትነት ታስተዳድር ጀመር። መኳንንቱና ጳጳሳቱ ግን በእርሷ አስተዳደር ማጉረምረማቸው አልቀረም።

በ1062 የጸደይ ወራት ቤተ መንግሥቱ በካይዘርስቬርት ሰፍሮ ነበር። ይህ ቦታ ያን ጊዜ በራይን ወንዝ መካከል የሚገኝ ደሴት ሲሆን፣ ልክ እንደ እናንተው ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ከግብር በኋላ አኖ የ11 ዓመቱን ንጉሥ ለዚሁ ሲባል አስጊጦ ያዘጋጀውን ጀልባ እንዲያይ ጋበዘው። ልጁ ገና ከመሳፈሩ ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ መካከል ገቡ። ሊገድሉት የወሰዱት መስሎት ዘሎ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ፣ ከሤራው ተካፋዮች አንዱ የሆነው መስፍን ኤክበርት ተከትሎት ዘሎ ከመስጠም አዳነውና መልሶ ጀልባው ላይ አወጣው። ታሪኩን የጻፈው የዘመኑ መነኩሴ ላምፐርት እንደሚለው፣ ሕዝቡ የንጉሡ ክብር ተደፈረ እያለ በወንዙ ዳር ዳር ይከተል ነበር። ልጁ ኮሎኝ ሲደርስ አገር የመምራቱ ሥራም አብሮት ወደ አኖ እጅ ገባ፤ እናቲቱ ልጇን ለማስመለስ ጦር አላነሣችም።

ጉልበቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ ለእኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ጉልት የሚለው ቃል ነው። የጀርመን ነገሥታት መሬት፣ የገበያና የኬላ ቀረጥ፣ ገንዘብ የማተምና የመዳኘት መብት ለጳጳሳት ይሰጡ ነበር። ምክንያቱ መንፈሳዊነት ብቻ አልነበረም። ለመስፍን የተሰጠ ጉልት ውሎ አድሮ የልጅ ልጆቹ ርስት ይሆናል፤ ጳጳስ ግን በሕግ የሚወርሰው ልጅ ስለሌለው፣ በሞተ ጊዜ ንጉሡ የሚያምነውን ሌላ ሰው በቦታው ለማስቀመጥ ዕድል ያገኛል። ቀዳማዊ ኦቶ በ953 የገዛ ወንድሙን ብሩኖን በኮሎኝ መንበር ሲያስቀምጠው የሎሬን መስፍንነትም ጨምሮለታል። በምላሹ ጳጳሱ ንጉሡ ሲዘምት ጭፍራ አሰልፎ ይልካል፤ አንዳንዴም ራሱ ይዘምታል። እንግዲህ አኖ ጀልባውን ያስቀዘፈው በመስቀሉ ሥልጣን ሳይሆን በጉልተኛነቱ አቅም ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም። ችግሩ፣ አሠራሩ የታሰበው ጠንካራ ንጉሥ እንደሚኖር ተቆጥሮ ነው፤ ዙፋኑ ላይ ልጅ ሲቀመጥ ግን ጉልት ሰጪውና ጉልት ተቀባዩ ቦታ ተለዋወጡ።

ከዐቃቤ ሰዓቱ የሚለየውም በዚህ ነው። የሐይቁ አበምኔት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ንጉሡ ዘንድ መግባት ከሚፈቀድላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ሥልጣኑ በአመዛኙ ለንጉሡ ጆሮ ከመቅረቡ የመጣ ነው። በሹመት ከእርሱ በላይ የነበሩት አቡን ደግሞ ከግብፅ የሚመጡ እንግዳ ስለነበሩ በአገሩ ዘመድና ወገን አልነበራቸውም። አኖ ግን ወገን ቢያጣ እንኳ ያበጅ ነበር፤ ወንድሙ ቬርነር የማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ፣ የእኅቱ ልጅ ቡርካርድ የሃልበርሽታት ጳጳስ ሆነዋል።

አኖ አገሩን ብቻውን መምራቱ ግን ብዙ አልዘለቀም። የብሬመኑ ሊቀ ጳጳስ አዳልቤርት ብዙም ሳይቆይ ተቀናቅኖት የልጁን ልብ ወሰደ፤ ሄንሪም በ1065 ሰይፍ ታጥቆ ለአካለ መጠን ደረሰ።

ሁለተኛውን ጀልባ ተማሪዎ የሰማ አይመስለንም። በ1074 የትንሣኤ በዓል አኖ የሚውንስተርን ጳጳስ ኮሎኝ ላይ ጋብዞ ነበርና፣ ለእንግዳው መመለሻ አሽከሮቹ የአንድ ነጋዴን ጀልባ መርጠው ጭነቱ እንዲራገፍ አዘዙ። የነጋዴው ልጅ ጓደኞቹን አስተባብሮ አሽከሮቹን አባረራቸው፤ ከተማው ተነሣ፣ የሊቀ ጳጳሱ ግቢ ተዘረፈ። አኖ በሌሊት በከተማው ቅጥር በተከፈተ ጠባብ በር ሾልኮ አመለጠ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከገጠር የተሰበሰበ ጦር አስከትሎ ተመለሰና የነጋዴውን ልጅ ጨምሮ የአድማውን መሪዎች ዓይናቸውን አስወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ሞቶ ራሱ በመሠረተው በዚግቡርግ ገዳም ተቀበረ። ተማሪዎ ቀጥሎ የሚጠይቅዎት ቤተ ክርስቲያኑ ምን ፈረደችበት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ በ1183 ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች።