ቀዩ ጊታር ከምን ተሠራ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጊታር ናቸው፦ የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በእጁ ስለ ሠራውና «ሬድ ስፔሻል» ስለሚባለው። የቀሩት ደግሞ የአንድን ጊታር ታሪክ እንዴት ማጣራት እንደሚቻል ይጠይቃሉ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሬድ ስፔሻል ሲሪያል ቁጥር የለውም። ፋብሪካ ያልሠራው ጊታር ታሪኩ በምን ይጣራል?

በተሠራበት ዕቃ ነው የሚጣራው፤ በዚህ ረገድ ከሬድ ስፔሻል የሚስተካከል ጊታር ማግኘት ይቸግራል። ብራያን ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1963፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ቤተሰቡ ከለንደን በስተ ምዕራብ ፌልታም ይኖር ነበር። የአሜሪካ ጊታር መግዣ ገንዘብ ስላልነበረ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር ሆነው ለመሥራት ተነሡ፤ ሁለት ዓመት ገደማም ፈጀባቸው።

አንገቱ ማሆጋኒ ነው፤ የተወሰደውም ከመቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረ የእሳት ማንደጃ ጣውላ ነው። ጣውላውን ነቀዝ በልቶት ስለነበር ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት ደፈኗቸው። የአካሉ መሐል ከአሮጌ ጠረጴዛ የተቆረጠ ኦክ ሲሆን ዙሪያው ብሎክቦርድ ነው፤ ከላይ ስስ ማሆጋኒ ተለጥፎበታል። ውስጡ በከፊል ባዶ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ከአምፕሊፋየሩ የሚመለሰው ድምፅ እንዲያስተጋባበት ተፈልጎ ነው። በጣት መጫወቻው ላይ የሚታዩት ነጭ ነጠብጣቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የወጡ የዛጎል ቁልፎች ናቸው።

ትሬሞሎው ላይ፣ ማለትም በእጀታ ክሮቹን እያላላና እያጠበቀ ድምፁን በሚያወዛውዘው ክፍል ላይ፣ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ክሮቹን የያዘው ክፍል የተቀመጠው እንደ ቢላ ስለት በቀጠነ ጠንካራ ብረት ላይ ነው። የክሩን ጉተታ የሚመክቱት እ.ኤ.አ. የ1928 ሞዴል ከሆነ ፓንተር ሞተርሳይክል የተወሰዱ ሁለት የቫልቭ ሞላዎች ናቸው። እጀታው ከብስክሌት ኮርቻ ቦርሳ መያዣ፣ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ከሹራብ መሥሪያ መርፌ መጣ። ትሬሞሎ ጊታርን ከቅኝት የሚያወጣው ሰበቃ ነው፤ ክሩ ከተነቀነቀ በኋላ ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም። ስለቱ ይህን ሰበቃ ከሥሩ ቀነሰው፤ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ትንንሽ ተሽከርካሪዎችም ከላይ በኩል አገዙት። በእጅ መሣሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር ይህን ያህል ዘመን ቅኝት መያዙ ያስደንቃል።

መርማሪ አንድ ነገር ብቻ እንዲያይ ቢፈቀድለት የአንገቱን ጣውላ ይመልከት። ቀለሙንና ቅርጹን ማንም ሊቀዳ ይችላል፤ የእንጨቱን የዕድገት መስመርና ነቀዝ የቦረቦረውን ቦታ ግን ሁለተኛ ጣውላ ላይ አያገኘውም።

ጥያቄ፦ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ የተጫወተው በዚሁ ጊታር ነው ወይስ በቅጂ?

በዋናው ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኩዊን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል በቆየው ዝግጅቱ ሲጫወት ብራያን የያዘው ሬድ ስፔሻልን ነበር። በዚያው ምሽት ግን ከባንዱ ድምፃዊ ከፍሬዲ ሜርኩሪ ጋር ሁለቱ ብቻ ተመልሰው መድረክ ላይ ወጥተዋል፤ ያኔ የተጫወተው በአኮስቲክ ጊታር ነው። ስለዚህ የዕለቱ ፎቶዎች ሁለት የተለያዩ ጊታሮች ቢያሳዩ የፎቶ መደበላለቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ ቀይ ጊታር ልገዛ ነው። ሻጩ «እ.ኤ.አ. በ1984 ጊልድ የሠራው የብራያን ሜይ ሞዴል ነው» ይላል። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

ጊልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያን ጊዜ የብራያን ሜይ ሞዴል ማውጣቱ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የዲማርዚዮ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት ያለበት ክፍል) እና የካህለር ትሬሞሎ ነበራቸው። የሚያዩት ጊታር የበርንስ ትራይሶኒክ ፒክአፕ ካለው ወይ ተቀይሯል፣ ወይ የኋለኛ ዘመን ቅጂ ነው። ትራይሶኒክ በዋናው ጊታር ላይ ያለው ፒክአፕ ስለሆነ ሻጮች ጥራት አድርገው ያቀርቡታል፤ ለ1984ቱ ጊልድ ግን የሚያስጠረጥር ምልክት ነው።

ከዚያ በሻጩ ፈቃድ ይክፈቱት። መጀመሪያ ሁሉንም ክሮች ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ። አንዱን ሙሉ በሙሉ ፈትተው ሌላውን እንደተወጠረ ከተዉት ሞላው ትሬሞሎውን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። የሽፋኑን ብሎኖች ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ በቅርብ ያንሱ፤ የጭንቅላታቸው መስቀል ከተበላ ጊታሩ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል ማለት ነው። ውስጥ የቮሊዩምና የቶን ማዞሪያዎቹን የብረት ጀርባ ወይም ጎን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1378432 ቢል፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ መለያ ነው፣ 84 ዓመቱ፣ 32 ደግሞ ሳምንቱ። 304 ብሎ ቢጀምር ፋብሪካው ስታክፖል ነው።

ቁጥሩ የሚነግርዎ ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ዕቃ አከማችተው ይጠቀማሉ፤ የጊታር አምራቹ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1966 ብዙ ማዞሪያ ስለገዛ በ1968ና በ1969 ጊታሮቹ ውስጥ የ1966 ቁጥር ይገኛል። በተቃራኒው «የ1984 ነው» የተባለ ጊታር ውስጥ 1379115 ካገኙ ወይ ማዞሪያው ተቀይሯል ወይ ንግግሩ ውሸት ነው። ይህን የሚለየው ሶልደሩ፣ ማለትም ሽቦዎቹ የተያያዙበት ብየዳ ነው። የፋብሪካ ሶልደር ዘመን ሲቆጠርበት ደብዘዝ ይላል፤ ሁሉም ነጥብ ላይም ተመሳሳይ መጠን አለው። አንዱ ነጥብ ብቻ የሚያብረቀርቅ፣ ጉብ ያለ ወይም ዙሪያው ቡናማ ቅሪት ያለበት ከሆነ እዚያ ቦታ በኋላ እጅ ገብቷል።

«ክፈትና እየው» ሲባል የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመዎት ይተዉት።

ጥያቄ፦ ብራያን ሜይ በሳንቲም ይመታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የእንግሊዝ የ6 ፔኒ ሳንቲም ነው የሚጠቀመው። ሳንቲሙ ስለማይታጠፍ የጣቱ ኃይል ሁሉ ክሩ ላይ ያርፋል፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶችም ክሩን ሲፍቁ ሸካራ ድምፅ ይጨምራሉ።

ጥያቄ፦ የሬድ ስፔሻልን ቅጂ ገዛሁ። ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ስከፍት ድምፁ ቀጥኖ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። ተበላሽቷል?

ምናልባት ምንም አልሆነም። ለእያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት ስዊች አለ፦ አንዱ ይከፍታል ይዘጋል፣ ሌላው ፌዙን (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ይገለብጣል። የሁለት ፒክአፕ ፌዝ ሲቃረን ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ቀጭኑ ይቀራል። ብራያን ይህን ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። የአንዱን ፌዝ ስዊች ብቻ ገልብጠው ይሞክሩ፤ ድምፁ ከሞላ ጤነኛ ነው።

ካልሞላ ወይም ስዊቹ የተገላቢጦሽ የሚሠራ ከመሰለዎ ባለ መርፌ ቴስተር ያምጡ። በዝቅተኛው የዲሲ ቮልት ላይ አድርገው ከጃኩ ጋር ያገናኙ፣ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ሁሉንም የፌዝ ስዊቾች በአንድ ወገን ያድርጉ። አንድ ፒክአፕ ብቻ ከፍተው የብረት ጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ፈጠን አድርገው ያስጠጉበት። መርፌው በየትኛው በኩል እንደዘለለ ይጻፉና ሌሎቹንም እንዲሁ ይፈትሹ። አንዱ ከሌሎቹ በተቃራኒ ከዘለለ ሁለቱ ገመዶቹ ተገላብጠው ተበይደዋል። ዲጂታል ቴስተር ቁጥሩ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ለዚህ አይመችም።

በነገራችን ላይ ብራያን መጀመሪያ ፒክአፖቹንም ራሱ ሠርቷቸው ነበር። ድምፃቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ ክሩ ወደ ጎን ሲሳብ እንግዳ ድምፅ ያወጡ ነበር፤ የማግኔቶቹ ዋልታዎች አቀማመጥ ነበር ችግሩ። ትራይሶኒኮቹን የገዛው ያኔ ነው፤ እንዳያፏጩም በአራልዳይት ማጣበቂያ ሞላቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ፎቶ ላይ ያለው ጊታር አንድ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

መጀመሪያ ፎቶው አለመገልበጡን ይዩ። የድሮ ኔጋቲቭ በተገላቢጦሽ ታትሞ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጊታሪስት ግራኝ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ ሞልቷል። ቀጥሎ የማይለወጥ ነገር ይፈልጉ፦ የእንጨት መስመር፣ ጥልቅ ጭረት፣ የብሎን ቀዳዳ። ሦስት ምልክት በሁለቱም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ከተገኘ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጉዳት ራሱን አያድንም፤ ቀደም ባለው ፎቶ የሚታይ ስንጥቅ በኋለኛው ላይ ከጠፋ ወይ ጊታሩ ታድሷል ወይ ሌላ ጊታር ነው።

ለማነጻጸሪያ የጊታሪስቱን የኤዲ ቫን ሄለንን «ፍራንከንስታይን» የተባለ ጊታር ይውሰዱ። አካሉን በ50 ዶላር፣ አንገቱን በ80 ዶላር ገዝቶ የገጣጠመው ነው። በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀዩ ቀለም የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በኋላ ፍሎይድ ሮዝ ትሬሞሎ ሲገባለት ከሥሩ የ1971 የአሜሪካ 25 ሳንቲም ተደረገበት፤ ትሬሞሎው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ምንም ቀይ የሌለበት፣ ሳንቲሙ ግን የሚታይበት ፎቶ ካጋጠመዎ ያ ዋናው ጊታር አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አልነበሩም።

ሬድ ስፔሻል ላይም እንዲህ ያለ ምልክት አለ። ድሮ ውስጡ የድምፅ ማሻከሪያ ሰርኪት ነበረበት፤ ሰርኪቱ ሲወጣ የስዊቹ ቀዳዳ ቀርቶ ኋላ በዛጎል ኮከብ ተሸፈነ። የኮከቡ መኖርና አለመኖር የፎቶውን ዘመን ለመለየት ይረዳል።

ጥያቄ፦ አንገቱም ፒክአፑም የተቀየረ ጊታር ያው ጊታር ነው ይባላል?

ለውጡ ተመዝግቦ ከሆነ፣ አዎ። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ከማኒስ ሱቅ የገዛው ጥቁር ስትራቶካስተር (የፌንደር ጊታር ሞዴል) አንገቱ ደጋግሞ ተቀይሯል። ነጭ የነበረው የፕላስቲክ ሽፋኑ በ1974 ጥቁር ሆነ፤ ለካህለር ትሬሞሎ ተብሎ እንጨቱ ተቆርጦ ኋላ ተመልሶ ተሞላ። ጥቁሩ ቀለም ራሱ ሌላ ቀለም ላይ የተቀባ ነው። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2019 በክሪስቲስ ጨረታ 3,975,000 ዶላር ተሸጠ፤ የትኛው ለውጥ መቼ እንደተደረገ ስለሚታወቅ ገዢው የሚጠራጠርበት ክፍተት አልነበረም።

የራስዎ ጊታር ላይ ዕቃ ሲቀይሩ የወጣውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ቀኑንና ምክንያቱን ጽፈው በጊታሩ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት፤ የተበላሸም ቢሆን።