የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የልብና የሳንባ ማሽን የሚይዘው ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በአኔስቴዥያ ሙያ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ፐርፊዩዥኒስት (የልብና የሳንባ ማሽን የሚይዝ ባለሙያ) መሆን እፈልጋለሁ። ክሊኒካል ሥልጠናው ስንት ኦፕራሲዮን ይጠይቃል? ውል ከመፈረሜ በፊትስ ምን ብዬ ልጠይቅ? (ሀ. መ.፣ ከሐረር ሸዋ በር)

መልስ፦ ጥሩ መነሻ ይዘዋል። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት)፣ የደም ጋዝ ውጤት፣ የግፊት ንባብ አዲስ አይሆኑብዎትም። አዲስ የሚሆንብዎት ልብ ቆሞ ሳለ የታካሚው ደም በእርስዎ እጅ መዞሩ ነው።

በአሜሪካ ሠልጣኙ በተቆጣጣሪ ሥር ቢያንስ 75 ኦፕራሲዮን ላይ ራሱ ማሽኑን መያዝ አለበት። ከተመረቀ በኋላም የብቃት ማረጋገጫውን ለማቆየት በየዓመቱ 40 ይሠራል። ሌላ አገር ቢሄዱም ይህን ቁጥር እንደ መለኪያ ይያዙት። ማዕከሉን በሳምንት ስንት የልብ ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራ፣ ስንት ሠልጣኝ እንደሚካፈለው፣ መዝገብዎ ላይም ማን እንደሚፈርም ይጠይቁ። በሳምንት 3 ታካሚ እየተሠራ ሠልጣኞቹ ሁለት ከሆኑ ለእርስዎ የሚደርስዎት አንድ ተኩል ነው፤ 75 ለመሙላት 50 ሳምንት ያለ ማቋረጥ ይፈጃል። ኦክስጅኔተር (በማሽኑ ላይ ለደሙ ኦክስጅን የሚሰጠው ክፍል) አልቆ ወይም ታካሚ ታሞ አንድ ወር ከባከነ ደግሞ ይራዘማል። ስለ ክፍያ ከማውራትዎ በፊት ይህን ሒሳብ ይሥሩ። በአገራችን በዚህ ሥራ የሚታወቀው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ስለሆነ፣ ውጭ ከመሄድዎ በፊት እዚያ ገብተው ጥቂት ኦፕራሲዮን ቢያዩ እንመክራለን።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፓምፕ አይሰጥዎትም፤ ቱቦ መግጠም ነው የሚማሩት። አይናቁት። ሮለር ፓምፑ (በሚዞር ሮለር ቱቦውን እየጨመቀ ደሙን የሚገፋው) ቱቦውን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚስተካከለው በእጅ ነው። በቱቦው ውስጥ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፈሳሽ አቁመው በደቂቃ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀስ ብሎ ሲወርድ ልኩ ነው። ከዚያ ከጠበቀ ቀይ የደም ሴሎችን ይፈጫል። ከላላ ደግሞ ደም ወደ ኋላ ይንሸራተትና በማሽኑ ላይ የሚያነቡት ቁጥርና ታካሚው የሚያገኘው ደም ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ይህ ሙያ ሒሳብ ይበዛዋል ይባላል፤ እውነት ነው? (ከድሬዳዋ ሳቢያን)

መልስ፦ ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ግን በየቀኑ፣ ያለ ስህተት መሠራት አለበት። አንድ ምሳሌ እንይ። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቯ የተበላሸ፣ 160 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም፣ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት አለች እንበል። ቁመቷን በክብደቷ አባዢው፣ ለ3600 አካፍዪው፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ውሰጂ፤ የሰውነቷ ስፋት 1.49 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ2.4 (ለአንድ ካሬ ሜትር በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር) ሲባዛ ፓምፑ በደቂቃ 3.6 ሊትር ያህል ደም መስጠት አለበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ደሟ ምን ያህል እንደሚቀጥን ታሰያለሽ። በኪሎ 65 ሲሲ ብንይዝ 3250 ሲሲ ደም አላት። ሄማቶክሪቷ (በደሟ ውስጥ የቀይ የደም ሴሎች ድርሻ) 28 በመቶ ከሆነና ቱቦዎቹና ኦክስጅኔተሩ 1400 ሲሲ ፈሳሽ ከያዙ፣ ሲቀላቀል ወደ 19.6 በመቶ ይወርዳል። ይህ አነስተኛ ነው። ብዙ ጀማሪ ወዲያው የደም ከረጢት ይጠይቃል። ጎበዙ ግን አስቀድሞ ቱቦውን ያሳጥራል፤ ፈሳሹን 1000 ሲሲ ላይ ካደረሰው ውጤቱ 21.4 በመቶ ይሆናል። ደም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የቱቦ ርዝመት ራሱ ሕክምና ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪሽን አጥብቀሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ፓምፕ ላይ የሚያጋጥመው ትልቁ አደጋ ምንድን ነው? ሠልጣኝ ሰው ላይ ሳያደርሰው እንዴት ይለማመደዋል? (ወ. ተ.፣ ከድሬዳዋ ከዚራ)

መልስ፦ አየር ነው። ለሳቢያኗ ተማሪ ያሰላናትን ታካሚ እናስብ። በደቂቃ 3.6 ሊትር ማለት በሰከንድ 60 ሲሲ ነው። ሪዘርቫየሩ (ከታካሚው የሚመጣው ደም የሚጠራቀምበት ዕቃ) ውስጥ 300 ሲሲ ደም ብቻ ቀርቶ ከደም መልስ የሚመጣው ቢቋረጥ፣ ያለዎት ጊዜ 5 ሰከንድ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ልብን ከፍ ሲያደርግ ካኑላው (ደሙን ከታካሚው የሚያወጣው ቱቦ) ይታጠፋል፣ ወይም አንድ ሰው ቱቦው ላይ ይቆማል፤ በቃ፣ ደሙ ይወርዳል። ስለዚህ ሠልጣኝ ቀና ብሎ ቢያወራም ዓይኑ ከሪዘርቫየሩ እንዳይርቅ ይደረጋል። ደሙ ሲወርድ መጀመሪያ ፓምፑን ይቀንሳል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ምክንያቱን የሚፈልገው በመጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሠልጣኝ ለብቻው ሊለቀቅ አይገባም።

አየር ወደ ታካሚው ካለፈ ፓምፑ ይቆማል፣ የደም ቅዳና የደም መልስ ቱቦዎች በመቆንጠጫ (ክላምፕ) ይዘጋሉ፣ ለቀዶ ሐኪሙ ይነገራል፣ የአልጋው ራስጌ ዝቅ ይላል፣ ኦክስጅን 100 በመቶ ይሆናል። ልምምዱ በውሃ በተሞላ ሰርኪዩት (የማሽኑ የቱቦዎች ዙር) ነው፤ ተቆጣጣሪው ሳይናገር ቱቦውን ይቆነጥጣል፣ እርስዎ ይመልሳሉ። ኦክስጅኔተር መቀየርም እንዲሁ ሰዓት እየተያዘ ይደጋገማል፤ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ የቆመ ዝውውር አንጎልን በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳልና።

ነርስ ስለሆኑ አንድ ነገር አደራ እንበልዎት። ከልብ ውስጥ ደም የሚስበው የቬንት ቱቦ ፓምፑ ላይ ተገልብጦ ከተገጠመ መሳቡን ትቶ አየር ወደ ልብ ይነፋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ቱቦው ልብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫፉን ሳላይን ያለበት ሳህን ውስጥ ይንከሩት። ሳላይኑ ከጎደለ ልክ ነው፤ ከተንቦጫረቀ ያስቁሙ። ይህን ሳያዩ ቱቦውን ለማንም አያቀብሉ።

መብራት ቢጠፋስ የሚልም ይኖራል። ማሽኑ ባትሪ አለው፤ እሱም ካለቀ በእጅ ይዞራል። እጀታው በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፤ በተቃራኒው ሮለሩ ደሙን ከታካሚው መልሶ ይስባል።

ጥያቄ፦ የባዮሜዲካል ቴክኒሺያን ነኝ። የሐረር ከፍታ በኦክስጅኔተር ሥራ ላይ ለውጥ ያመጣል? (ከሐረር ጀጎል)

መልስ፦ ያመጣል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ 1,885 ሜትር ላይ ባለችው ሐረር 605 ገደማ፣ በድሬዳዋ 658 ገደማ ነው። ጋዙ 60 በመቶ ኦክስጅን ቢሆን የኦክስጅኑ ግፊት በባሕር ወለል 456 ሲሆን ሐረር ላይ 363 ብቻ ይሆናል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሠለጠነ ሰው የለመደውን መቶኛ እዚህ ቢደግም ደሙ እንደ ለመደው አይቀላም። መቶኛውን በልማድ ሳይሆን በየግማሽ ሰዓቱ በሚወሰድ የደም ጋዝ ውጤት ያስተካክል፤ የጋዝ ማደባለቂያውንም የኦክስጅን ንባብ እናንተ ከኦፕራሲዮኑ ቀን በፊት በንጹሕ ኦክስጅንና በክፍሉ አየር ፈትሹለት።