«ገባችሁ?» ማለቱን ተዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባቲ አካባቢ 7ኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምሪያለሽ፣ ክፍሉ ሰባ ልጅ አለበት፣ «ገባችሁ?» ስትዪ ሁሉም «አዎ!» ይላል፣ ፈተና ላይ ግን ባዶ። ሞራሌ ወድቋል፣ ዝውውር ልሙላ ወይ ብለሻል። እኔም እዚሁ ወሎ ገጠሩም ከተማውም ውስጥ አስተምሬያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

«ገባችሁ?» ማለቱን ተዪው። አልገባኝም ብሎ የሚነሳ ልጅ የለም፣ ያፍራል። ይልቅ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ጻፊ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ከምርጫዎቹ አንዱ 2/5 ይሁን፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ የሚደምሩት ልጆች እሱ ላይ ነው የሚወድቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው የመረጡትን ቁጥር በጣታቸው ደረታቸው ላይ ያሳዩሽ። ወረቀት የለ፣ እርማት የለ፣ ክፍሉ የት እንዳለ ወዲያው ታውቂያለሽ። ግማሹ 2/5 ካለ በቃ፣ ነገ አዲስ ርዕስ የለም።

ጠይቀሽ ደግሞ ትንሽ ዝም በይ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አይታለች። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚለውም ይቀንሳል። ሲወራ ቀላል ነው፣ ሰባ ልጅ እያየሽ 3 ሰከንድ ዝም ማለት ግን ወላሂ ጭንቅ ነው! ስም የምትጠሪውም ከጥያቄው በኋላ ይሁን። አስቀድመሽ «ሰይድ!» ካልሽ ሌላው ሁሉ እፎይ ብሎ ይተኛል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፣ ግማሹ ልጅ እንደሚቀር ታውቂያለሽ። ሰኞን ለክለሳ ተዪው። ማክሰኞ የገበያውን ወሬ አምጡ በያቸው፤ ፍየሏ በስንት ተገዛች፣ በስንት ተሸጠች፣ ትርፉ በመቶኛ ስንት ሆነ? መጽሐፉ ላይ ካለው ምሳሌ በብዙ ይሻላል። ከኋላ ወንበር ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ የዚያን ቀን ሌላውን ሲያርም አይቻለሁ።

ደብተር በቀን የአንድ ረድፍ ልጆችን ብቻ እረሚ።

ሞራሉን በተመለከተ፣ ደሞዙን የትኛውም የማስተማር ዘዴ አይሞላውም፣ «ሙያው ፍቅር ነው» እያልን አንሸፋፍነው። ግን ከደሞዙ ቀጥሎ ሰው የሚጨርሰው ልፋቱ የት እንደገባ አለማየቱ ይመስለኛል። ትናንት 2/5 ያለው ልጅ ዛሬ 5/6 ሲል በዓይንሽ ካየሽ በማግስቱ ክፍል መግባቱ ያን ያህል አይከብድም። የመምህራን ማረፊያው ውስጥ ምሬት ብቻ ከሆነ የሚወራው ሻይሽን ይዘሽ ውጪ። አንድ የምትግባቢያት መምህርት ፈልጊ፣ እሷ ክፍል ገብተሽ እይ፣ እሷም ያንቺን ትይ።

ዝውውሩን ሙዪ፣ ቤተሰብ መናፈቅ ነውር አይደለም። ብቻ ደሴ ብትደርሺም ክፍሉ ሰባ ልጅ ሊሆን ይችላል።